አሮጌ ጠርሙስና ታሪክ፤ ከቦንጋ አንጻር ሲታይ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከዜና መዋዕል፣ ከውልና ከደብዳቤ፣ ከዘመቻ ማስታወሻና ከታላላቅ ሕንፃዎች ነው። እነዚህ ዋና ምስክሮች መሆናቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በየዕለቱ ሲይዘው፣ ሲጠጣበትና ሲለካበት የኖረው ተራ ዕቃም የራሱ ምስክርነት አለው። ይህ ምስክርነት ከጽሑፍ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ዕቃውን የሠራው ሰው ለታሪክ ብሎ ስላልሠራው የሚያዳላበት ምክንያት የሌለው መሆኑ ነው። ከእነዚህ ተራ ዕቃዎች አንዱ ጠርሙስ ነው።

በሌሎች አገሮች አሮጌ ጠርሙስ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳክራሜንቶ ከተማ፣ የአሮጌ ጠርሙስ ሰብሳቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በየስፍራው የተቋቋሙት መሰል ማኅበራት በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ተሰባሰቡ፤ ፌዴሬሽኑም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። በእንግሊዝና በአውስትራሊያም ተመሳሳይ ማኅበራት አሉ። አባላቱ ከየሙያው የተውጣጡ ናቸው፤ መምህሩ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ መሐንዲሱ ሁሉ ይገኝበታል። በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሰፊ አዳራሽ ተከራይተው ትርኢት ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ሰብሳቢ በጠረጴዛው ላይ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ያሳያል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል፤ ስለ አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ አመጣጥም ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ይውላሉ።

በአገራችን እንዲህ ያለ ማኅበር አልተለመደም። በቦንጋም ሆነ በአዲስ አበባ የጠርሙስ ትርኢት የተለመደ በዓል አይደለም። ታዲያ ይህ የሆነው ጠርሙስ ስላልነበረን ነውን? ወይስ ለአሮጌ ዕቃ ደንታ የሌለን ሕዝብ ስለሆንን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱ ከሁለቱም የተለየ መሆኑን ማሳየትና ከምክንያቱም ለሙያችን የሚተርፍ ትምህርት ማውጣት ነው።

ጠርሙስ እንዴት ይነበባል?

ወደ ከፋ ከመሻገራችን በፊት ሰብሳቢዎቹ ከአንድ ባዶ ጠርሙስ ምን እንደሚያነቡ መረዳት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የማምረቻ ዘዴ ጉዳይ ስለሆነ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም።

የቀለጠ ብርጭቆ በረጅም ቧንቧ ጫፍ ተይዞ በትንፋሽ ይነፋ በነበረበት ዘመን፣ ሠራተኛው አንገቱንና አፉን ለማበጀት ሲል ጠርሙሱን ከመቀመጫው በኩል በብረት ዘንግ ያጣብቀው ነበር። ዘንጉ ሲላቀቅ በመቀመጫው መካከል ሸካራ ጠባሳ ይተዋል። ይህ ጠባሳ ያለበት ጠርሙስ በአብዛኛው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በፊት ወይም በዚያው ገደማ የተሠራ ነው። ቀጥሎ ብርጭቆውን በሁለት ግማሽ የቅርጽ ማውጫ ውስጥ መንፋት ሲስፋፋ፣ የሁለቱ ግማሾች መገጣጠሚያ በጠርሙሱ ጎን ላይ ቀጭን መስመር ማተም ጀመረ። ይህ መስመር አንገቱ ላይ ደርሶ ከከንፈሩ በታች ከጠፋ፣ አፉ በእጅ መበጀቱን ያሳያል። መስመሩ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከዘለቀ ግን ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ በመኪና የተሠራ ነው። አሜሪካዊው ማይክል ኦዌንስ እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪና የሰው ትንፋሽና እጅ ሳይነካው ጠርሙስ ማውጣት ስለቻለ፣ ያ ጥቂት ሚሊሜትር የምትዘልቅ መስመር አንድን የእጅ ሙያ ከሌላ ዘመን የምትለይ ድንበር ሆናለች።

አከዳደኑም እንደዚሁ ይነገራል። በቡሽ የሚደፈን አፍ ሌላ ነው፣ በቆርኪ የሚታሸግ አፍ ሌላ ነው። ቆርኪን ዊልያም ፔንተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል፤ ከዚያ ወዲህ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ከንፈር ለቆርኪው ጥርስ መያዣ የሚሆን ክብ ጠርዝ ያዘ። እንግሊዛዊው ሃይረም ኮድ በ1870ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ በጋዝ ግፊት ወደ ላይ በምትገፋ የብርጭቆ ኳስ ራሱን የሚዘጋው ጠርሙስ በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለግ አሮጌ ዕቃ ሲሆን፣ በጃፓንና በህንድ ግን እስከ ዛሬ ለስላሳ ይቀዳበታል።

ቀለሙም ራሱን የቻለ መረጃ ነው። አሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ብርጭቆውን አረንጓዴ ያደርገዋል። አረንጓዴውን ለማጥፋት ማንጋኒዝ የተጨመረበት ብርጭቆ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ቢይዝም፣ ከመቀመጫው፣ ከጎኑ፣ ከከንፈሩና ከቀለሙ ተነሥቶ ዘመኑንና የሥራውን ደረጃ ሊገምት ይችላል ማለት ነው።

ብርሌና ቅል

ብርጭቆ ለኢትዮጵያ አዲስ ዕቃ አይደለም። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መዘዋወሪያ በአዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ዓይነቶችን ይቆጥራል። ከ1972 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) ኔቪል ቺቲክ በአክሱም በመሩት ቁፋሮም ከመቃብሮቹ ውስጥ የብርጭቆ ዕቃዎች ወጥተዋል።

በኋላ ዘመን የብርጭቆ ዕቃ ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ብርሌ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም የሆነው ይህ የጠጅ መጠጫ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን በጎበኙ አውሮፓውያን ማስታወሻ ውስጥ ተደጋግሞ ይነሣል። የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን የከበረ ድንጋይ ስም ከሆነው «ቢረሌ» ጋር ያዛምዱታል፤ ቢረሌ በዮሐንስ ራእይ ከተዘረዘሩት የከበሩ ድንጋዮች አንዱ ነው። ስሙ ብቻውን ዕቃው የነበረውን ክብር ይናገራል። ብርሌ ከባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ ከወደብ በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ፣ በመኳንንት ግብር ላይ የሚታይ ዕቃ ነበር። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ለሰው ልጅ ስምና ክብር የተነገረ ይሁን እንጂ፣ መነሻው የማይጠገን ውድ ዕቃ ከእጅ ሲያመልጥ የተሰማ እውነተኛ ቁጭት መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ከፋ እንሻገር። የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራው ዘመቻ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው እስኪወድቅ ድረስ ራሱን ችሎ የኖረ መንግሥት ነበር። ቦንጋ የሰሜን ነጋድያን የሚደርሱባት ገበያ ነበረች። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ ደርሰዋል፤ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጉሊዬልሞ ማሳያም ከ1859 እስከ 1861 (እ.ኤ.አ.) በከፋ ተቀምጠዋል። ከከፋ የሚወጣው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማና ማር ነበር፤ የሰው ልጅም በባርነት ይሸጥ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የሚገባው ደግሞ አሞሌ፣ ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ ነበር።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ዶቃውን ልብ ይሏል። ዶቃ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ወደ ደቡብ ምዕራብ የዘለቀው በጠርሙስ መልክ ሳይሆን አስቀድሞ በዶቃ መልክ ነው፤ ምክንያቱም የማጓጓዣ ሒሳብ ነው። ዶቃ አይሰበርም፤ በጥቂት ክብደት ብዙ ዋጋ ይይዛል። ባዶ ጠርሙስ ግን ቦታ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ የጎጀብን ወንዝና ያንን ዳገትና ጭቃ በበቅሎ ጀርባ ሲሻገር መሰበሩ አይቀርም። መንገድ በሌለበት ጠርሙስ ርካሽ ዕቃ ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ከፋ ጠርሙስ አልቸገረውም። አገሩ በማር የታወቀ ነው፤ ቀፎ በትላልቅ ዛፎች ላይ ይሰቀላል፤ ከማሩም ጠጅ ይጣላል። ለፈሳሽ ማኖሪያና መጠጫ ቅል፣ ቀንድ፣ ቀርከሃና ሸክላ ነበሩ። እነዚህ ዕቃዎች ከአጥሩ ግቢና ከጫካው የሚገኙ፣ ሲሰበሩ ወይም ሲያረጁ በአካባቢው ባለሙያ የሚተኩ ናቸው። የሚያሳዝነው ግን የሸክላ፣ የብረትና የቆዳ ሥራ ባለሙያዎች በአገሩ ማኅበራዊ ኑሮ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ስለነበር፣ ዕቃቸው በየቤቱ ሲያገለግል ስማቸው በታሪክ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ቅልም ሆነ ቀርከሃ ይበሰብሳል፤ በዚያ ዝናባም አገር ለአርኬዎሎጂ የሚተርፈው የሸክላ ስባሪ ነው።

ጠርሙስ ቦንጋ ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ መድረሱ ለብርጭቆ ዕቃ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከወደብ እስከ ዋና ከተማው የነበረው የሳምንታት የበቅሎና የግመል ጉዞ በሐዲድ ሲተካ፣ የመሰበሩ ሥጋትም የጭነቱ ዋጋም ቀነሰ። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የአምቦ ውሃ በጠርሙስ መታሸግ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ጠርሙስ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ የመኳንንት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በአገር ውስጥ የሚሞላ፣ የሚመለስና እንደገና የሚሞላ የንግድ ዕቃ ሆነ።

ወደ ከፋ ያለው ጉዞ ግን ገና ረጅም ነበር። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ከጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላ የጣሊያን ጦር አካባቢውን ያዘ፤ ከጦሩ ጋርም በጠርሙስ የታሸገው ወይኑ፣ ዘይቱና መድኃኒቱ ተከተለ። ከነፃነት በኋላ መንገዱ እየተሻሻለ፣ የጭነት መኪናው እየበረከተ ሲሄድ፣ ቦንጋ ከጅማ ጋር በቢራና በለስላሳ ሣጥን ተያያዘች። እ.ኤ.አ. በ1959 ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መታሸግ ጀመረ፤ ስሙ በፊደላችን የተጻፈበት ጠርሙሱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ በዚያው በምዕራቡ የአገራችን ክፍል የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ስለዚህ በከፋ ውስጥ የጠርሙስን መስፋፋት የሚከታተል ሰው የመንገድን መስፋፋት ይከታተላል ማለት ነው። በአንድ መንደር ውስጥ የመጀመሪያው ቆርኪ የወደቀበት ዓመት፣ የጭነት መኪና የደረሰበት ዓመት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ የተገኘበት ዘመን፣ የጤና ጣቢያ የተከፈተበት ወይም የዘመቻ ክትባት የደረሰበት ዘመን ነው። እነዚህን ዓመታት በአንድ ላይ የሚይዝ መዝገብ ማግኘት ለተመራማሪ አስቸጋሪ ነው፤ ጠርሙሱ ቢኖር ግን ዕድሜውን ራሱ ይናገር ነበር።

ከዚህም በላይ ጠርሙስ በገበያው ላይ አንድ ዝም ያለ ለውጥ አምጥቷል። ቅል ከቅል አይተካከልም፤ ቀንድም እንዲሁ። ጠርሙስ ግን ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ስለሚወጣ አንዱ ከሌላው እኩል ነው። ስለዚህ በገጠር ገበያ ላይ ማር፣ ዘይት፣ ነጭ ጋዝና አረቄ «በጠርሙስ» መሸጥ ሲጀምሩ፣ ባዶው የቢራ ጠርሙስ ማንም ሳያውጅለት የመስፈሪያ ደረጃ ሆነ። 33 ሳንቲ ሊትር የሚይዘው የቢራ ጠርሙስ፣ ደረጃ መዳቢ መሥሪያ ቤት ባልደረሰበት ስፍራ ገዥና ሻጭ ሳይጣሉ የሚስማሙበት ልክ መሆኑ፣ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ትንሽ ነገር አይደለም።

የከበረው ለምን ጠፋ?

አሁን በመግቢያው ላይ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ጠርሙሱ ገብቷል፤ አገልግሏል። ታዲያ የት ሄደ?

የአሜሪካና የእንግሊዝ ሰብሳቢዎች ጠርሙሶቻቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከቆሻሻ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የከተማው ሕዝብ መድኃኒቱን ጠጥቶ ብልቃጡን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጥለው፣ የቢራውን ጠርሙስ ከከተማ ውጭ ባለው የቆሻሻ ክምር ላይ ይደፋው ነበር። አፈር ለበሰው፤ መቶ ዓመት ቆየ፤ ሰብሳቢው ቆፍሮ አወጣው። በሌላ አነጋገር በዚያ አገር ጠርሙስ የተረፈው ስለተጣለ ነው።

በእኛ አገር ግን ጠርሙስ አይጣልም። የቢራውና የለስላሳው ጠርሙስ ከነሣጥኑ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ወደ ቦንጋ ሙሉ ሣጥን የጫነው መኪና ሲመለስ ባዶ ሣጥን ይጭናል። ጠርሙሱ ታጥቦ እንደገና ይሞላል፤ በማጠቢያውና በመሙያው መኪና ሲተሻሽ ትከሻውና ወገቡ እየነጣ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። ስባሪውም አይጣልም፤ ስባሪ ብርጭቆ ከአዲስ አሸዋ፣ ከሶዳ አሽና ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲደባለቅ ድብልቁ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ማንኛውም የብርጭቆ ፋብሪካ ይፈልገዋል። ስለዚህ የ1950ዎቹ ጠርሙስ ዛሬ አለ ከተባለ ያለው በሌላ ጠርሙስ አካል ውስጥ ቀልጦ ነው።

የማይመለሰው ጠርሙስ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥራ ይሰጠዋል። የወይኑ ጠርሙስ አረቄ ይያዝበታል፤ ሰፊ አፍ ያለው ቅቤ ወይም ሚጥሚጣ ያኖራል፤ ትንሹ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳኑ ተበስቶ ክር ሲገባበት ኩራዝ ይሆናል፤ ብልቃጡ ኩል ይይዛል፤ ቆርኪው እንኳ ለዳማ ጠጠር ይሆናል። ባለቤቱ የሰለቸውን «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ገዝቶት ይሄዳል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶም ሌላ ገዥ ያገኛል። በመጨረሻ ተሰብሮ ለምንም የማይሆነው ስባሪ በከተማ ግንብ አጥር ጫፍ ላይ በሲሚንቶ ተተክሎ ሌባ ይከላከላል። ከዚህ የተነሣ በአዲስ አበባ አሮጌ የጠርሙስ አንገትና መቀመጫ በዘመን ተደርድሮ የሚታይበት ስፍራ ካለ፣ አንዱ የድሮ አጥር ጫፍ ነው። አጥሩ የታጠረበት ዓመት ከታወቀ፣ በላዩ የተተከለው ስባሪ ከዚያ ዓመት ወዲህ ያልተሠራ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ይህም ለተመራማሪ ቀላል መረጃ አይደለም።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። በውጭ አገር ጠርሙስ የተረፈው ስለተናቀ ነው፤ በእኛ አገር የጠፋው ስለተከበረ ነው። እኛ ለዕቃ ደንታ የሌለን ሳንሆን፣ ዕቃውን እስከ መጨረሻዋ ስባሪ የምንጠቀም ሕዝብ ነን። ይህ ልማድ ሌላው ዓለም ዛሬ በብዙ ምክርና ሕግ ሊመለስበት የሚደክምበት ጥበብ ነው። ነገር ግን ጥበቡ በታሪክ ላይ ዕዳ ጥሏል፤ ዕቃው እየተለወጠ ሲያገለግል ትናንት ምን እንደነበረ የሚናገር ምልክት አልተረፈም።

ይህም ልማድ ራሱ በማለፍ ላይ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ በመጀመሪያ እንደ ብርጭቆው ጠርሙስ ተቀብሎ ደጋግሞ ተገለገለበት፤ «ሃይላንድ» በሚል የንግድ ስም ይቀርብ ከነበረው ውሃ የተነሣም ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ተባለ። ዛሬ ግን ቁጥሩ በዝቶ በየቦዩና በየወንዙ ዳር ተጥሎ ይታያል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚቆፍር ሰው የእኛን ዘመን ፕላስቲክ በብዛት ሲያገኝ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የመቶ ዓመት ጠርሙስ ግን በጥቂቱ ብቻ ሊያገኝ ነው። ከጠርሙሱም በፊት የነበረውን ቅልና ቀንድ ጨርሶ አያገኝም።

መዝግቦ የመሰብሰብ ጥቅም

የከፋ ዕቃ ፈጽሞ አልተሰበሰበም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 የኦስትሪያ ሃንጋሪ መንግሥት ልዑካን በሉድቪግ ፎን ሄነል መሪነት አዲስ አበባ መጥተው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ከልዑካኑ አንዱ ፍሪድሪክ ቢበር የተባሉ የቪየና ሰው ነበሩ። ቢበር በዚያው ዓመት ወደ ከፋ ዘለቁ፤ በ1909ም (እ.ኤ.አ.) ተመልሰው መጡ። የከፋን ሕዝብ ዕቃዎች ሰበሰቡ፤ ስለ ታሪኩና ስለ ኑሮውም ሁለት ክፍል ያለው መጽሐፍ በ1920ና በ1923 (እ.ኤ.አ.) በጀርመንኛ አሳተሙ። የሰበሰቧቸው ዕቃዎች ዛሬ በቪየና የዓለም ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ውሉ የንግድ ውል መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የኦስትሪያ ሃንጋሪ ግዛት አካል የነበረችው ቦሄሚያ በብርጭቆ ሥራዋ በዓለም የታወቀች ነበረች። አንድ መንግሥት የፋብሪካ ዕቃውን የሚሸጥበት ገበያ ሲፈልግ፣ በዚያው ጉዞ የሄደው ሰው ግን በእጅ የተሠራውን የከፋ ዕቃ ሰብስቦ ተመለሰ። የቢበር ሥራ ዋጋው ዕቃውን በመውሰዱ አይደለም፤ ዕቃው ከአገሩ መራቁ እንዲያውም የሚቆጭ ነው። ዋጋው ከዕቃው ጋር ስለ ሕዝቡ ኑሮ የተጻፈ ነገር ትቶ በመሄዱ ነው። መዝገብ የሌለው ዕቃ ያለ ስም የተቀበረ ሰው ይመስላል።

በአገራችንም መዝግቦ የመሰብሰብ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ሙዚየሙ የሕዝቡን የዕለት ተዕለት ዕቃ ከነገሥታቱ ዕቃ ጎን አኑሯል። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ለሙዚየሙ ዕቃ በማሰባሰብ ሲረዳ ቆይቷል። ይህ ማኅበር በሌላው ዓለም ካሉት የሰብሳቢዎች ማኅበራት ጋር ሲነጻጸር አንድ ልዩነት አለው፤ የሚሰበሰበው ለግል መደርደሪያ ሳይሆን ለሁሉም ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ከዚህ የሚበልጥ ስንት የሚያስጨንቅ ነገር እያለ ስለ ባዶ ጠርሙስ ማሰብ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ባልደረባ እንደሚኖር ይገመታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ቅንጦት የሚሆነው መግዛቱ እንጂ መመዝገቡ አይደለም የሚል ነው። እንዲያውም ገዥ ከመዝጋቢ ከቀደመ ጉዳት ይመጣል። የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ሥዕሎች ዋጋ እንዳላቸው ሲታወቅ ከየት እንደመጡ ሳይጻፍ በየሱቁ ተሸጠው ከአገር ወጥተዋል። አሮጌ ብርሌና ቀንድ ዋንጫም ነገ ይህ ዕጣ ሊደርሳቸው ይችላል።

ቁፋሮንም በተመለከተ የሌላው አገር ሰብሳቢ ልማድ ለእኛ አይሆንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈርን ይከለክላል። ክልከላው ትክክል ነው፤ ለእኛ የሚያስፈልገው ከመሬት በታች ያለው ሳይሆን ገና ከመሬት በላይ ያለው ነው። በከፋ ገጠር በአንድ ቤት ጓዳ ውስጥ አያት የተዉት ብርሌ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ አረንጓዴ ጠርሙስ፣ ማር የሚሰፈርበት ቅል ይኖራል። ባለቤቲቱ ሴት ወይዘሮ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጣቸው፣ ምን እንደሚያኖሩበት ይናገራሉ። ዕቃው እዚያው በአገልግሎት ይቆይ፤ የሚወሰደው ሥዕሉ፣ ልኩና ቃሉ ነው።

ቦንጋ ለዚህ የተመቸች ናት። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው በእርሷ ነው፤ ዙሪያዋን ያለው ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በሕይወታዊ ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ቡናን የሚያሳይ ሙዚየም ቡናውና ማሩ የተያዘበትን፣ የተለካበትንና የተጠጣበትን ዕቃ ቢያሳይ ከዓላማው አይወጣም። ቅል፣ ቀንድ፣ ሸክላ፣ ብርሌ፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ በአንድ መደርደሪያ ላይ በተከታታይ ቢቀመጡ፣ ተማሪው የመቶ ዓመት የንግድ፣ የመንገድና የጤና ታሪክ በአንድ ዕይታ ይረዳል። የእኛ አገር የጠርሙስ ትርኢት እንደ ሌላው ዓለም የመሸጫ አዳራሽ መሆን የለበትም፤ ሰው ዕቃውን ይዞ መጥቶ ታሪኩን አስመዝግቦ፣ ዕቃውን ይዞ የሚመለስበት ቀን ቢሆን ይበቃል።

የማኅበራችን አባላት ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። በመጀመሪያ፣ ልክ መውሰድ የእኛ ሙያ ነው። የአንድ ዕቃ ቁመት፣ የሆድና የአፍ ስፋት፣ ይዘትና ክብደት፣ የመገጣጠሚያ መስመሩ የት እንደሚያልቅ፣ በመቀመጫው ላይ ያለው ምልክት፣ ዕቃው ያለበት ስፍራና የባለቤቱ ቃል በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ሊሞላ ይችላል። ቅጹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ በቦንጋ የተሞላው በጎንደር ከተሞላው ጋር ይነጻጸራል።

ሁለተኛ፣ በቢራ፣ በለስላሳ፣ በወይንና በብርጭቆ ፋብሪካዎች የምንሠራ ባልደረቦች ማንም ሌላ ሰው የሌለው ነገር በእጃችን አለ። የቅርጽ ማውጫ ንድፎች፣ የግዥ ውሎች፣ የመለያ ወረቀት ናሙናዎች፣ ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ የቅርጽ ማውጫ ብረቶች በየመጋዘኑ አሉ። ፋብሪካ ባለቤት ሲለውጥ እነዚህ መጀመሪያ ይጣላሉ። ለምሳሌ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ለቢ.ጂ.አይ. ተሸጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አዲሱ ባለቤት መኪናውን ቆጥሮ ይረከባል፤ አሮጌውን ንድፍ ግን የሚቆጥረው የለም። ብረቱ ለቆራሌ በኪሎ ሲሸጥ፣ የአንድ ዘመን ጠርሙስ የመጨረሻ ምስክር አብሮት ይቀልጣል። አንድ መሐንዲስ የንድፉን ግልባጭ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለሙዚየም እንዲደርስ ቢያደርግ፣ የሚጠይቀው ፈቃድና የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ጊዜው አጭር ነው። ቅልና ቀንድ ይጠጣበት የነበረውን ዘመን የሚያስታውሱ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በልጅነታቸው ያዩ አዛውንት በከፋ ዛሬም አሉ። የእነርሱ ቃል እንደ ጠርሙሱ ታጥቦ እንደገና የሚሞላ አይደለም። ቅጹን ለማዘጋጀት አንድ ስብሰባ ይበቃል፤ ለመሙላት ደግሞ ለመንገድ፣ ለውሃና ለመብራት ሥራ ወደ ከፋ የሚመላለሱ ባልደረቦቻችን የዕረፍት ሰዓታቸውን ቢሰጡ ሥራው በሚቀጥለው የበጋ ወራት ሊጀመር ይችላል።